ከምጣድ ርቆ ለሚያድር ሰው፣ ከዘይት ቆርቆሮ የሚሠራ የዳቦ መጋገሪያ

ከደብረ ታቦር ዙሪያ ጀምሮ፣ የጉናን ተራራ ተከትሎ እስከ እስቴና እስከ ጋይንት በተዘረጋው ደጋ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ስንቅ ቋጥሮ ከቤቱ የማይወጣ ጎልማሳ ማግኘት ያስቸግራል። መስከረም ጠብቶ የሰሊጥ አጨዳ ሲቃረብ ብዙ ወጣት ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። ማሳው ከሰፈሩ የራቀበት ገበሬ እሸቱ ሲደርስ ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ጎጆ ቀልሶ እዚያው ያድራል። እረኛው ከግጦሹ ያመሻል። የገጠሩ ተማሪም ከከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከቤተሰቡ የሚላክለትን እንጀራ በቀን እየመደበ ይማራል።

የእነዚህ ሁሉ ችግር አንድ ነው። ስንቁ ሲጀመር መልካም ነው፤ ሲያልቅ ግን ይከፋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንጀራ ይበላል። በቆላው ሙቀት እንጀራው ሦስትና አራት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል። ከዚያ ወደ ድርቆሹ፣ ወደ በሶውና ወደ ዳቦ ቆሎው ይኬዳል። እነዚህም ሲሟጠጡ ከሻጭ መግዛት ይመጣል። ለቀን ሠራተኛው ደግሞ ይህ ግዢ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለቤቱ ይዞ ለመመለስ የወረደበትን ገንዘብ ከእጁ እያወጣ በዚያው በቆላው ይበላዋል ማለት ነው።

ዱቄት ግን እንደ እንጀራ ቶሎ አይበላሽም። በደረቅ ከረጢት በደንብ ከታሰረ ሳምንታት ይቆያል፤ ለመሸከምም ከበሰለው ምግብ ይቀላል። ስለዚህ ከቤቱ የራቀ ሰው የሚያጣው ዱቄት አይደለም፤ ምጣድ ነው። የሸክላ ምጣድ ሰፊና ከባድ ከመሆኑም በላይ በጭነት ላይ አንድ ጊዜ ከተጋጨ ያበቃለታል። በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው መሣሪያ ይህንን ክፍተት በከፊል የሚሞላ ነው፤ በከፊል የተባለበት ምክንያት ከታች ይታያል።

ጥንት ምን ይደረግ ነበር?

ደብረ ታቦር የሠፈርን ኑሮ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። የየጁ ራሶች መቀመጫ ሆና ብዙ ጦር ሠፍሮባታል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ከዚህችው ከተማ ተነሥተው፣ በአቅራቢያዋ በጋፋት የተሠራውንና ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ እስኪደርሱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። መድፉ እንዴት እንደ ተጎተተ ብዙ ተጽፏል። ያ ሁሉ ሰው በየማታው ምን ጋግሮ እንደ በላ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። በጥንቱ ዘመቻ ወፍጮና ምጣድ ተሸክመው ጦሩን የሚከተሉ፣ ከሠፈሩ ሲደርሱ ድካማቸውን ሳያራግፉ እህል የሚፈጩ ሴቶች እንደ ነበሩ ግን የታወቀ ነው። የጦሩ እግር በእነርሱ ጀርባ ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሴት ያልተከተለው መንገደኛ ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ይኸውም ብርኩታ ነው። ድብልብል ድንጋይ ከእሳት ውስጥ ተጨምሮ በደንብ ይግላል። ጠንከር ተደርጎ የተቦካ ሊጥ በድንጋዩ ዙሪያ ይጠቀለላል። ከዚያም ድብልብሉ ከፍም አጠገብ ተቀምጦ እየተገላበጠ ይበስላል። ድንጋዩ ከውስጥ፣ ፍሙ ከውጭ እየሠራ ሊጡን መካከል ላይ ያገናኙታል። ብልኃቱ የሚደነቅ ነው፤ ዕቃ የሚባል ነገር አይጠይቅም። ጉድለቱ ዳቦው ትንሽና ጠንካራ መሆኑ፣ አመድም የማያጣው መሆኑ ነው። ድንጋዩም መመረጥ አለበት። ከወንዝ ውስጥ የተነሣ፣ ውኃ የጠጣ ድንጋይ እሳት ውስጥ ሲገባ ፈንድቶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ደረቅ ቦታ የከረመ ጥቁር ድንጋይ ይሻላል።

በቤት ውስጥ ድፎ ዳቦ የምትጋግር እናት የምትከተለው ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሊጡን በኮባ ጠቅልላ ከምጣዱ ላይ ታስቀምጣለች፤ ከታች እሳት ታነዳለች፤ ከላይ ከድና ፍም ትጭንበታለች። በሁለት በኩል መከራ የመጣበት ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ነደደብኝ» የሚለው ከዚህ አነጋገር ወስዶ ነው። ዳቦ ከአንድ ወገን ብቻ እሳት ካገኘ በአንዱ በኩል ያርራል፤ በሌላው ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ምጣድ በሌለበት ቦታ ዳቦ ለመጋገር የሚፈልግ ሰው ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ከላይም ከታችም እሳት ከየት ይምጣ? የብርኩታው መልስ «ከውስጥ ይምጣ» የሚል ነበር። የቆርቆሮው መልስ «ከጎን ይምጣና ወደ ላይና ወደ ታች ይከፈል» የሚል ነው።

ሙቀት መላሽ ምድጃ

ከተነደደ እሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲግል ጀርባው ይበርደዋል። ፊቱን የሚያግለው ሞቃት አየር ብቻ አይደለም፤ አየሩማ ወደ ላይ ይወጣል። ፊቱን የሚያግለው ከነበልባሉና ከፍሙ ልክ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚመጣ ጨረር ነው። ይህ ጨረር ጥቁር ነገር ሲያገኝ ይሰርግበታል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ሲያገኝ ግን እንደ መስታወት ብርሃን ተመልሶ ይሄዳል። እንግዲህ ሁለት የሚያብረቀርቁ ቆርቆሮዎች አፉን ወደ እሳቱ እንደ ከፈተ መጽሐፍ ተጋጥመው ቢቆሙና በመካከላቸው ዳቦ ቢቀመጥ፣ የላይኛው ቆርቆሮ ጨረሩን ከላይ፣ የታችኛው ከታች ወደ ዳቦው ይመልሱታል። ከጎን የመጣ አንድ እሳት ለሁለት ተከፍሎ «ከላይም ከታችም» ይሆናል።

ነገሩ ለዓለም አዲስ አይደለም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ቤቶች በግድግዳ ምድጃ ፊት የሚቀመጥ የቆርቆሮ መጥበሻና መጋገሪያ የተለመደ ዕቃ ነበር። የብረት ምድጃ ሲስፋፋ ከየቤቱ ወጣ። በመንገደኞች፣ በአዳኞችና በስካውቶች እጅ ግን ከድንኳን ጋር አብሮ ሲዞር ኖሯል። ለእኛ ደጋ ገበሬ ይበልጥ የሚያመቸውም ይኸው መንገደኛ ሆኖ የቀረው ዓይነት ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ቆርቆሮ በየገበያው አለ። የዘይት መያዣ የነበረው ባለ 18 ሊትሩ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ክዳኑና መቀመጫው ተቆርጦ ጎኑ ሲዘረጋ ርዝመቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ወርዱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ወጥ ገበታ ይወጣዋል። ይህ ለመሣሪያው ልክ ነው ማለት ይቻላል። ገበታው ከመካከሉ ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዳቸው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ሁለት ስንዝር የሚረዝሙ ክንፎች ይሆናሉ። በእርዳታ እህል አብሮ የሚመጣው የ4 ሊትር የዘይት ጣሳም ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙ ጣሳ መጋጠም ስላለበት ድካሙ ይበዛል። ልሙጥ ላሜራ ወይም አሉሚኒየም ለሚያገኝ ሰው ደግሞ የተሻለ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ሞገዱ ጨረሩን ይበትነዋል፤ ካረጀ ደግሞ ስለሚደበዝዝ ከመመለስ ይልቅ ይውጣል። ከዚህም በላይ ዚንክ የተነከረ ስለሆነ ነበልባል ውስጥ ከገባ ጢሱ ለጤና ጎጂ ነው፤ ሊጥም በቀጥታ ሊነካው አይገባም።

እዚህ ላይ ጠበቅ ተደርጎ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ቆርቆሮ በምንም ዓይነት ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይውልም። መርዙ ከስፌቱ ውስጥ አይወጣም። የቀለም ጣሳም እንዲሁ ነው። ዘይት እንደ ነበረበት በዓይን ያልታየ፣ በአፍንጫ ያልተሸተተ ቆርቆሮ ቢቀር ይሻላል።

አሠራሩ

ለሥራው የቆርቆሮ መቀስ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና ሚስማር ይበቃል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጣሳን ወደ ምድጃና ወደ ማሰሻ የሚለውጡ እጆች ይህንን በአንድ ማለዳ ይጨርሱታል። በደብረ ታቦር ገበያም ቢሆን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው አይታጣም፤ ልኩን ማሳየት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱም ክንፎች ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ይታጠፋል። ይህ ሳይደረግ ሥራ መጀመር አይገባም፤ የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ያልታጠፈ ቆርቆሮም ሲግል ይጣመማል። ጠርዙ ከታጠፈ በኋላ የእያንዳንዱ ክንፍ ወርድ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀራል። ከዚያ ሁለቱ ክንፎች በረዥሙ ጎናቸው ተገጣጥመው በሚስማር ይበሳሉ፤ በሽቦም እንደ ማጠፊያ ይሰፋሉ። ብየዳ አያስፈልግም። እንዲያውም የሽቦ ስፌቱ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ዕቃው ለጉዞ ሲዘጋጅ እንደ መጽሐፍ ይዘጋል።

ሁለቱ ክንፎች ሲከፈቱ በመካከላቸው የሚፈጠረው ማዕዘን ቀጥ ያለ፣ እንደ ቤት ማዕዘን ያለ ይሁን። የታችኛው ክንፍ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ኋላ ሽቅብ ይወጣል፤ የላይኛው ከዚያው ከኋላ ተነሥቶ ወደ እሳቱ ሽቅብ ይዘረጋል። በዚህ ዓይነት ከቆመ የአፉ ከፍታ 46፣ ጥልቀቱ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ግራና ቀኙ በሦስት ማዕዘን ቆርቆሮ ይዘጋል፤ የሦስት ማዕዘኑ ሁለት ጎኖች እንደ ክንፎቹ ወርድ 33 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። እነዚህ የጎን ክዳኖች በሽቦ ይታሰራሉ እንጂ አይበየዱም። ስፌቱ ያለበት የኋላ ጫፍ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚንጠለጠል ሁለት የሽቦ እግር ይደረግለታል፤ ካልተገኘም ድንጋይ ይደገፋል።

ቀጥሎ ርብራቡ ነው። ከሁለቱ የጎን ክዳኖች ላይ በቁመታቸው እኩሌታ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ አፉ ቀረብ ያለ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር የፌሮ ብረት ሁለት ዘንግ በቀዳዳዎቹ ያልፋል፤ ትሪው በእነርሱ ላይ ይቀመጣል። ዘንጎቹ ሲነቀሉ መሣሪያው ሁሉ ይለያያል። የትሪው ወርድ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ትሪው ሰፍቶ ከኋላው ማዕዘን ድረስ ከገባ የታችኛውን ክንፍ ያጨልመዋል፤ ዳቦው ሲነፋም ከላይኛው ክንፍ ጋር ይጣበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ዳቦ ለመጋገር ሲሉ ትሪውን ያሰፉና የታችኛውን እሳት በገዛ እጃቸው ይዘጉታል።

ሌላው ስሕተት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ቆርቆሮው እንዲያብረቀርቅ የተፈለገውን ያህል ትሪው ጥቁር እንዲሆን ያስፈልጋል። ጥላሸት የጠገበ አሮጌ የብረት ትሪ ጨረሩን ተቀብሎ ለሊጡ ያስተላልፋል። አዲስና ነጭ ትሪ ግን ይመልሰዋል፤ የዳቦውም ቂጥ ሳይበስል ይቀራል። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን የሚታጠበውና የማይታጠበው ዕቃ ቦታ ተለዋውጧል።

እሳቱ

መሣሪያው የሚሠራው በነበልባል ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ከፊቱ ማስቀመጥ ብዙ አይጠቅምም፤ ፍሙ መሬት ላይ ተዘርሮ ስለሚተኛ ጨረሩ ወደ ላይ ይሄዳል። እሳቱ እንደ መሣሪያው አፍ የሰፋና ከፍ ያለ እንዲሆን ደረቅ ጭራሮና የተፈለጠ ቀጭን እንጨት ቆም ተደርጎ ይነደዳል። በደጋው የሚበዛው ባሕር ዛፍ ለዚህ ጥሩ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ይላል፤ ጭራሮውም ቶሎ ይይዛል። ከእሳቱ ማዶ፣ ከመሣሪያው ትይዩ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደራርቦ እንደ አጥር ቢቆም ወደዚያ ማዶ የሚጠፋው ሙቀት ወደ ዳቦው ይመለሳል። አጥሩ እሳቱንም ከነፋስ ይከላከልለታል።

መሣሪያው በመጀመሪያ ከእሳቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይቀመጣል። ልኩ የሚታወቀው በእጅ ነው። ባዶ እጅ ትሪው ከሚቀመጥበት ቦታ ገብቶ ቀስ ተብሎ እስከ 8 ሲቆጠር መታገሥ ከተቻለና ከዚያ በላይ ካልተቻለ ለዳቦ ደርሷል። እስከ 4 እንኳ ካልቻለ ያሳርራል፤ ይራቅ። እስከ 15 ከቻለ ደግሞ ሊጡን ያደርቀዋል እንጂ አይጋግረውም። ሙቀት መጨመር ሲያስፈልግ እንጨት ከመጨመር ይልቅ መሣሪያውን አራት ጣት ያህል ማስጠጋት ይበቃል። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ከዚህ ላይ ነው፤ እሳቱን ሳይነኩ ምድጃውን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ዳቦውም እየተጋገረ በዓይን ይታያል፤ ክዳን ማንሣት የለበትም።

ግማሽ ጊዜው ሲያልፍ ትሪው ዞሮ ይቀመጣል፤ ወደ እሳቱ የነበረው ጎን ወደ ኋላ ይሄዳል። ትንሽ ዳቦ፣ ውፍረቱ ከሦስት ጣት ያልበለጠ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ቀጭን እንጨት ቢወጋበትና ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።

ደብረ ታቦር በ2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ እንደ መሆኗ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ በደጋው ንፍሮ እስኪሆኑ የሚያስመርሩት ስለዚህ ነው፤ እንጨት ቢጨመርም የውኃው ሙቀት ከዚያ አያልፍም። ዳቦ ግን በውኃ ስለማይቀቀል በጨረር ሲጋገር ይህ ገደብ አያግደውም። በሌላ በኩል በከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ቶሎም ይደርቃል። ስለዚህ በደጋው ሊጡ ከቆላው ትንሽ ረጠብ ቢልና ኩፍ ሲል ብዙ ባይጠበቅ ይሻላል።

ስለ እርሾም አንድ ቃል ያስፈልጋል። በጉዞ ላይ እርሾ ፍለጋ መድከም የለም። ከዛሬው ሊጥ አንድ እፍኝ ተቆርሶ በዱቄት ውስጥ ተቀብሮ ቢቀመጥ ለነገው እርሾ ይሆናል። እርሾ ከጠፋም ቂጣ አለ፤ ቀጠን ተደርጎ ከተዳመጠ በዚህ መሣሪያ ከዳቦ ፈጥኖ ይደርሳል። ስንዴ ባይኖር የጉና ገብስ ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ያገለግላል። በፋርጣና በጋይንት የሚዘራው ትሪቲካሌም ለዳቦ የታወቀ ነው። ገብስ ብቻውን ከሆነ ግን ዳቦው ስለማይነፋ ቂጣ ማድረጉ ይመረጣል።

የማይሠራው

ይህ መሣሪያ እንጀራ አይጋግርም። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ከታች የጋለ ምጣድ ሲያገኝ ነው፤ በጨረር ዓይን አይወጣውም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ምጣዱን ይተካል ብሎ የሚያቀርብ ሰው ቢኖር እናቶች ቢስቁበት ትክክል ናቸው። ለቤት የሚሻለው ምርጥ የተባለው ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገር ውስጥ ተሠርቶ የተስፋፋው ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን፣ በምጣዱ ዙሪያ ገጥሞ እሳቱን በማፈን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ነገር ግን በጀርባ አይታዘልም።

ስለ ማገዶ ቁጠባም እውነቱ መነገር አለበት። ለዳቦ ብቻ ተብሎ እሳት ቢነድ የቆርቆሮው መጋገሪያ ብዙ እንጨት ያተርፋል ለማለት አይቻልም፤ የሚሠራው በገላጣ እሳት ነውና። ትርፉ የሚገኘው እሳቱ ለሌላ ሥራ በሚነድበት ጊዜ ነው። በጉና ግርጌ የሚያድር ጠባቂ ብርዱን ለመከላከል እሳት ማንደዱ አይቀርም። የአጨዳ ሠራተኞች ለሽሯቸውና ለቡናቸው ማንደዳቸው አይቀርም። የተለመደው የሦስት ጉልቻ እሳት ከሚሰጠው ሙቀት ከድስቱ ውስጥ የሚገባው ከ10 እጅ አንዱ ያህል ነው ይባላል፤ የቀረው ለሜዳው ይሄዳል። ድስቱ በአንድ ወገን ሲፈላ በሌላው ወገን ቆርቆሮው ቢቆም ዳቦው የሚበስለው ከዚሁ ለሜዳው ከሚሄደው ሙቀት ነው።

በኩበትስ? በደቡብ ጎንደር ደጋ ደን ከተመናመነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ብዙ ቤት የሚያነደው ኩበት ነው። ኩበት ግን ቀስ ብሎ ይጨሳል፣ ይፍማል እንጂ ነበልባሉ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ መሣሪያ አይመችም። ይህ ጉድለት ቢመስልም በአንድ በኩል ጥቅም አለው። ኩበት የሚያነድ ቤት ለማሳው ሊሰጠው የሚገባውን ማዳበሪያ ነው የሚያነደው። ለዳቦ የሚሆነው ጭራሮ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ከተገኘ ያን ቀን አንድ ቁና ኩበት ወደ ገብሱ ማሳ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ግን ባሕር ዛፉ መኖር አለበት፤ ጭራሮውንም ለቃሚ ልጆች ማግኘት አለባቸው። ሁሉም ቤት ይህ አለው ለማለት አያስደፍርም።

የከተማው ተማሪ ጉዳይም ለብቻው የሚታይ ነው። የተከራያት ክፍል ጠባብ ከሆነች ነበልባል ውስጧ ማንደድ አይቻልም፤ ጢሱም እሳቱም አደገኛ ነው። ግቢ ያለው አከራይ ከፈቀደለትና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተጋርቶ ቅዳሜ ማታ በደጅ ቢጋግር የሳምንቱን ዳቦ ያወጣል። ካልሆነ ግን በከሰል ምድጃ ላይ ድስት ደፍቶ መጋገርን የመሰለ ሌላ ዘዴ ይሻለዋል።

አያያዙ

ከየጋገራው በኋላ ቆርቆሮው ሳይቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ጥላሸት የያዘ ቆርቆሮ ሙቀት መላሽ መሆኑ ይቀርና ሙቀት ዋጭ ይሆናል፤ ዳቦውም በግማሽ ሰዓት ይደርስ የነበረው ሰዓት ያልፈዋል። ጥላሸቱ ከጠና በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል። ድስት እንደሚፈተገው በአሸዋ መፈተግ ግን አይገባም፤ አሸዋ ብልጭታውን ይልጠዋል፤ ከሥሩ ያለውም ብረት ዝገት ይይዘዋል። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ በአመድ ባይታጠብ ይሻላል፤ የአመድ ውኃ ያደበዝዘዋል።

በመከር ወራት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክምር፣ ገለባና የደረቀ ሰሊጥ ባለበት አጠገብ ቦግ የሚል እሳት ማንደድ የአንድ ዓመት ድካም በአንድ ብልጭታ ማጣት ነው። ቦታው ዙሪያውን በዶማ ተመንጥሮ አፈሩ መታየት አለበት፤ ነፋሱም ከክምሩ ወደ እሳቱ እንጂ ከእሳቱ ወደ ክምሩ የሚነፍስ መሆን የለበትም። ለመጋገሩ ራሱ የሚመቸው ነፋስ ከጎን የሚመጣው ነው። ከእሳቱ ወደ መሣሪያው ከነፈሰ ዳቦው ጢስ ጢስ ይላል፤ ከመሣሪያው ወደ እሳቱ ከነፈሰ ነበልባሉ ይሸሻል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ሰው ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቢሞክረው መልካም ነው። ለዚህ የሚመች ጊዜ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ የከተማይቱም ስም የሆነው፣ ሙልሙል ለልጆች የሚጋገርበት ስለሆነ በዋዜማው ሊጥ የሌለበት ቤት የለም። ከቡኮው አንዲት ሙልሙል ተቆርሳ ለቆርቆሮው ብትሰጥ የሚጎድል ነገር የለም። ክረምቱ ገና ስላልወጣ እንጨቱ እርጥብ ይሆናል፤ ከጣራው ጠብታ በታች፣ ከግድግዳውና ከሣር ክዳኑ ራቅ ብሎ፣ ከምድጃው ዳር የደረቀ ጭራሮ ቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ ሙልሙል አንድ ጎኗ ሊያርር ይችላል። ሁለተኛይቱን ከመጨመር በፊት መሣሪያውን አራት ጣት ወደ ኋላ መሳብ፣ ትሪውንም ቀደም ብሎ ማዞር ነው። በመስከረም፣ ዘንጎቹ ተነቅለው፣ ክንፎቹ ተዘግተው፣ የጎን ክዳኖቹ በመካከል ገብተው ሲታሰሩ ውፍረቱ ከሁለት ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ከዱቄቱ ከረጢት ጀርባ ይታሠራል።